ሁለት ዓይነት ጥበቃ

የሰደበኝ ገመቺስ ነው፤ የላሊሴ ታላቅ ወንድም። ቀኑም የቃና ዘገሊላ ዕለት ነው፤ የሰፈራችን ሚካኤል ወደ መንበሩ እየተመለሰ፣ እኔ የዘበኛ ካፖርቴን እንደለበስኩ ከሕዝቡ ዳር ቆሜ ሳለሁ። ላሊሴ ያኔ ሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች፤ ትምህርቷ የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ። ገመቺስ አየኝና ጓደኞቹ እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣

«ሌንጮ! እህቴ ጥበቃ ለመሆን አራት ዓመት ትማራለች፤ አንተ ከስምንተኛ ክፍል አቋርጠህ ቀደምካት! እስቲ አስጠናት!» አለኝ።

ሰው ሳቀ። የሰው ሳቅ ለምጄዋለሁ። እሷ ግን አብራ ሳቀች። በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች፤ ዓይኗ ግን አልተሸፈነም።

ሌላው ይርሳው። እኔ አልረሳም።

የምጠብቀው ቤት ሱሉልታ ዳር ያለ፣ ተጀምሮ የቀረ ፎቅ ነው። ባለቤቱ አዲስ አበባ ነው የሚኖረው፤ ደስ ባለው ሰዓት ይደውልና «የት ነህ?» ይለኛል። የት እሆናለሁ? ዙሪያውን የቆርቆሮ አጥር፣ መሀሉ ላይ የቆርቆሮ ጎጆዬ። የበሩ ቁልፍ ያለው እኔ ኪስ ነው፤ የተቆለፈውም እኔው ላይ ነው።

ላሊሴ የመመረቂያ ጥናቷን ልትሠራ የመጣችው ከዚሁ ቤት ጀርባ ወዳለው ቦረቦር ነው። ክረምት ነበር። አንድ ቀን ዝናብ አባሮ ደጄ አደረሳት።

«አካም ጂርታ፣ ሌንጮ? በሰበስኩ እኮ! ታስገባኛለህ ወይስ ባለቤቱን ታስፈቅዳለህ?»

«የተማረ ሰው ምን ፈቃድ ያስፈልገዋል» አልኳት። ልወጋት ብዬ ነው።

«አቤት አፍህ!» አለችና ስቃ ገባች።

ከዚያ ወዲያ በዝናቡም ያለ ዝናቡም መምጣት ጀመረች። ቆሎ ይዛ ትመጣለች፤ ከአንድ እፍኝ እንቆረጥማለን። ባለቤቱ በማይደውልበት ሰዓት በጓሮ በኩል ወጥቼ ድንጋይ አቀብላታለሁ፤ የውኃውን ጉልበት የሚያበርድ ክትር ትደረድራለች።

«ይኸውልህ» አለችኝ አንድ ቀን በጭቃማ ጣቷ እያሳየችኝ፣ «ውኃው የሚወርደው ቁልቁል ነው፤ ቦረቦሩ ግን መሬቱን የሚበላው ሽቅብ ነው። ትንሽ ስንጥቅ ሳለ ካልያዙት አጥርህ ድረስ ይመጣል።»

«አጥሩ የእኔ አይደለም።»

«አንተስ? አንተ የማን ነህ?»

ሌላ ድንጋይ አቀበልኳት። ድንጋይ የላጠውን እጄን ያዘችና በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። ሌላ ወንድ ቢሆን በዚያች ሰዓት ዓለም የእሱ ትሆን ነበር። እኔ ያየሁት የነጠላዋን ጫፍ ነው።

ተመረቀች። ከመስከረም ወዲያ ሥራ አገኘች፤ አርሲ። የምትሄድበት ጠዋት ሻንጣዋን ይዛ መጣች፤ የአዲስ አበባው ሚኒባስ አስፋልቱ ዳር ቆሞ ሰው ይጭናል። እሷ ከበሩ ውጪ፣ እኔ ከውስጥ።

«አንድ ነገር ልልህ ነው የመጣሁት» አለች።

«በይ።»

«ሽማግሌ ላክ። ከአባዬ ጋር ተነጋግሬያለሁ፤ አይመልሳቸውም። ገመቺስ እንደፈለገ ይጩህ! ደግሞ እዚያ ወጣቶች ተራራ ከልለው፣ ቀፎ ሰቅለው ማር ያመርታሉ አሉ። ሰው ይፈልጋሉ። ከዚህ ቆርቆሮ ውጣ፣ ሌንጮ።»

ቁልፉን ከኪሴ አወጣሁ። ወደ በሩም ተጠጋሁ። አፌ ግን ሌላ ተናገረ።

«የቃና ዕለት ለምን ሳቅሽ?»

«የቱ ቃና?»

ረስታዋለች! እኔ ስንት ክረምት ያደርኩበትን ነገር ረስታዋለች።

«ወንድምሽ ጥበቃ ብሎ የሰደበኝ ዕለት።»

ጥቂት አሰበችና ፊቷ በራ።

«ውይ ሌንጮ! እሱን ይዘህ ነው? በአንተ አይደለም እኮ! የዚያን ዕለት ጠዋት አባዬ፣ ‹ልጄ፣ ጥበቃነቱን ስትጨርሺ ጠመንጃውን መንግሥት ይሰጥሻል ወይስ እኔ ልግዛልሽ?› ብሎኝ ነበር። ከልቡ እኮ ነው! ገመቺስ ጥበቃ ሲል የአባዬ ጠመንጃ ትዝ አለኝና በሳቅ ፈረስኩ። በእናቴ ስም፣ አንተን ጭራሽ አላየሁህም።»

ይህን ያለችው ልትታረቀኝ ነው። ይገባኛል።

ግን አላየችኝም። ከነካፖርቴ፣ ከነውርደቴ ፊቷ ቆሜ አላየችኝም። ብትስቅብኝ እንኳ ይሻለኝ ነበር፤ የሚስቁበት ሰው ቢያንስ አለ።

«ሞላ! ሞላ! እንሂድ!» ይላል የሚኒባሱ ረዳት።

«ሌንጮ» አለች፤ ጣቶቿን በቆርቆሮው ክፍተት አሾልካ ሰደደቻቸው። ጥፍሯ ውስጥ አሁንም የቦረቦሩ ጭቃ ያለ መሰለኝ። «አንድ ቃል ብቻ በለኝ። ትመጣለህ?»

ቁልፉ እጄ ውስጥ ሞቋል። ስልኬ ጮኸ፤ ባለቤቱ ነው። አላነሳሁለትም። ለእሷም አልመለስኩላትም። ቁልፉን ኪሴ ከተትኩና ወደ ጎጆዬ ሄድኩ።