ወደ መስኮቱ የወደቀ ጥላ

መስኮቱን የዘጋው ማን ነው?

ሽማግሌውን ሠዓሊ ጠዋት በሥዕል ክፍላቸው ወለል ላይ ተዘርረው ያገኟቸው ባለቤታቸው ናቸው። የጋዝ ማሞቂያው እየነደደ ነበር፤ ብቸኛው የጣውላ መስኮት ከመጋረጃው ጀርባ ጥርቅም ብሏል። ሐኪሙ የማሞቂያው መርዛማ አየር እንደገደላቸው ተናገረ።

«እሱ ክረምት ከበጋ መስኮት አይዘጋም» አሉ ባለቤታቸው። «በረደኝ ስለው ‹ካፖርትሽን ደርቢ› ነበር መልሱ።»

ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ ወደ ሠዓሊው ተማሪ ዞረች። ማታ ሲጨቃጨቁ ጎረቤት ስለሰማ እጁ በካቴና ታስሯል።

«ምን አጣላችሁ?»

«አሣሣልዎን ለማሽን አይስጡ አልኳቸው። እኔ ዕድሜ ልኬን ቀለም በጥብጬ ያላገኘሁትን ኮምፒውተር ዝም ብሎ ይውሰደው?»

«መስኮቱስ?»

«መጋረጃው ተዘርግቶ ነበር፤ ከኋላው ያለውን አላየሁም።»

«ማን የሚያምንህ ይመስልሃል?»

«እናቴም አታምነኝ።»

ማሽኑን የምታስተምረው የሟች ልጅ ናት፤ ውጭ ተምራ የተመለሰች የኮምፒውተር ባለሙያ። ሥዕል የሚፈጥር ሞዴል የአባቷን ሥራዎች ፎቶ እያሳየች በእሳቸው እጅ አጣጣል እንዲሥል ታሠለጥነዋለች።

«ሳምንቱን ሙሉ እዚያ ክፍል አልገባሁም» አለች።

መርማሪዋ የሟችን ስልክ ከፈተች። በሞቱበት ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ልጅቱ ማሽኑ የሠራውን ሥዕል ልካላቸዋለች። ግራ ጥጉ ላይ ነጭ መስመር አለ። አባት «ይቺ ነጭ ጅራት ደግሞ የማን ናት?» ብለው ቀልደዋል። መርማሪዋ ማሽኑ በማግስቱ የሠራቸውን ሥዕሎች አየች፤ ጅራቷ የለችም። አጉሊ መነጽር አውጥታ አዲሶቹን ሥዕሎች ከድሮዎቹ ፎቶዎች ጋር አስተያየች።

ከሰዓት በኋላ እናቲቱን፣ ልጅቱንና ተማሪውን የሥዕል ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ማሽን የአባትሽን እጅ ከመስኮት ብርሃን አይለይም» አለች ልጅቱን። «ፎቶዎቹ ሁሉ ላይ የመስኮቱ ነጸብራቅ ስላረፈ፣ እሱንም የአሣሣሉ አካል አድርጎ ተማረው። ታዲያ እንዴት ጠፋ?»

«በኮምፒውተር አጠፋሁት።»

«ነጸብራቁን ታጠፊ ይሆናል። አባትሽ ግን ቀለም የሚከምሩ ሰው ነበሩ። በድሮዎቹ ፎቶዎች የእያንዳንዱ ጉብታ ጥላ ከመስኮቱ ርቆ ይወድቃል፤ ብርሃኑ ከዚያ ነዋ! ማሽኑም እንደዚያው ይሥል ነበር። አሁን የሚሥለው ጥላ ወደ መስኮቱ ዞሯል። ብርሃኑ ከወዲህኛው ግድግዳ፣ ከመብራት፣ መጥቷል ማለት ነው። ሥዕሎቹን ቀትር ካለፈ በኋላ፣ መስኮቱን ዘግተሽ እንደገና ፎቶ አንስተሻቸዋል።»

ልጅቱ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

«እሱ ሳይኖር ዘግቼ ጋረድኩት፤ መልሼ ልከፍተው ነበር» አለች። «ፎቶዎቹን ይዤ ወደ ኮምፒውተሬ ሮጥኩ። እሱ እዚህ ሲሞት እኔ እዚያ ማዶ ማሽኑን እሱን እያስተማርኩት ነበር።»

«አንቺ ልጅ!» አሉ እናቷ።

«መስኮት መርሳት ስህተት ነው» አለች መርማሪዋ። «ሰው በአንቺ ምክንያት ሲታሰር ዝም ማለት ግን ስህተት አይባልም።»

የተማሪው ካቴና ተፈታ። አንጓውን እያሻሸ፣ ማንንም ሳይሰናበት ወጣ።

ልጅቱ በፖሊስ መኪናው ውስጥ ጻፈችለት፦ «ሲያስሩህ አይቼ ዝም አልኩ። ይቅር በለኝ አልልህም። እማዬን ግን ብቻዋን አትተዋት።»

መልእክቱ እንደተነበበ ስልኳ አሳያት። ጣቢያ ደርሳ ስልኩን እስክታስረክብ አፍጥጣ ጠበቀች። መልስ አልመጣም፤ ከዚያም በኋላ አልመጣም።