አመዳዩ ላይ የቀረው ኤክስ

ሃልቨር ቴግ በነፋስ ማሳያው ምሰሶ ሥር በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። መሰላሉ አጠገቡ ወድቋል። የኮልድ ፎርክን ትንሽ የአውሮፕላን ማረፊያ ያለ ደመወዝ ሣሩን እያጨዱ፣ ጉድጓዱን እየደፈኑ ላቆዩት በጎ ፈቃደኛ አብራሪዎች አለቃቸው እሱ ነበር። «የነፋስ ማሳያውን ከረጢት ሊቀይር ወጥቶ ወደቀ» አለ ያየው ሁሉ።

ሸሪፍ ማርቫ ኬስለር ግን ተንበርክካ መሰላሉን ቀና አደረገችው። ከሥሩ ጥላ ያረፈበት ሣር በአመዳይ ነጥቷል። የሟቹን ትከሻ ስታነሳ ከሥሩ ያለው ሣር ቡናማ ነው፤ አመዳይ አልነካውም። ሰውየው የወደቀው አመዳዩ ሳይጥል፣ መሰላሉ የወደቀው ከጣለ በኋላ ነው።

ማርቫ ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ጎህ ሲቀድ እዚሁ ሜዳ ላይ፣ ደም እየፈሰሳት በምጥ የተያዘች ልጇን የሆስፒታሉ አውሮፕላን ላይ አሳፍራለች። ያኔ ከሜዳው መሐል፣ ነጩ አመዳይ ላይ፣ ሁለት ጥቋቁር መስመሮች እርስ በርስ ተቆራርጠው አይታ ነበር። ልቧ ከልጇ ጋር ስለነበር ምንም አላሰበችበትም፤ ወደ ምሰሶውም ዘወር ብላ አላየችም። አሁን ፀሐይ ወጥታ መስመሮቹ ጠፍተዋል።

አስከሬኑን ያገኘው ድዌይን ፕሩት ነው፤ ጎረቤት ከብት አርቢ።

«ሜዳውን ለከብቶችህ ስትመኘው ኖረሃል» አለችው።

«ደብቄ አላውቅም። ግን ምክር ቤቱ ትናንት ይዘጋ ብሎ ወሰነልኝ። አሁን ሰው ገድዬ ምን ላተርፍ?»

«ሃልቨርስ ምን አለ?»

«ራሱ ነው እንጂ ‹ደክሞናል፣ ዝጉት› ያላቸው። አብራሪው ላይል ይህን ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ።»

ኮራ ማድሰን አብራሪም የአምቡላንስ ሾፌርም ናት። ሌሊቱን ከማርቫና ከልጇ አልተለየችም።

«ሜዳ ሲዘጋ ምን ታደርጋላችሁ?» አለቻት ማርቫ።

«ቢጫውን ሸራ ኤክስ አድርገን መሐል ላይ እናነጥፋለን። ከላይ ያየው አብራሪ ዞሮ ይሄዳል እንጂ አያርፍም።»

«ሸራው የት ነው?»

«መጋዘን። ግን ማርቫ፣ እርጥብ ነው።»

«ሆስፒታሉ አውሮፕላን ሲልክ ለማን ይደውላል?»

«ለሃልቨር። ካላነሳ ለላይል።»

ላይል ኦስትቢ፣ ከሃልቨር ጋር አብሮ ያረጀው አብራሪ፣ ደጁ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። «ተኝቼ ነበር፤ ስልክ የሚባል አልሰማሁም» አላት። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ልጅሽ እንዴት ሆነች?» ሲል ጠየቃት። ምጥ እንደያዛት የሚያውቁት አምቡላንሱ ውስጥ የነበሩትና ሆስፒታሉ ብቻ ናቸው። ማርቫ ድዌይንንና ኮራንም አስጠራች።

ሦስቱንም አውሮፕላን ማቆሚያው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ሃልቨር ማምሻውን ኤክሱን አነጠፈ» አለች። «ከዚያ ከረጢቱን ሊያወርድ ወደ ምሰሶው ሄደ። እዚያ አንድ ሰው ገፋው፤ ጭንቅላቱ የምሰሶውን ሲሚንቶ መታ። አመዳዩ በሬሳውም በሸራውም ዙሪያ ጣለ። ጎህ ሊቀድ ሲል ግን አንድ ሰው ተመልሶ ሸራውን አነሳ፤ ቦታው ጥቁር ኤክስ ሆኖ ቀርቶ እኔው አይቻለሁ። መሰላሉንም ያን ጊዜ ነው ያጋደመው። ድዌይን ቢሆን ኤክሱን ለምን ያነሳል? ሲመኘው የኖረ ነገር ነው። ኮራ ከእኔ ጋር ነበረች። አውሮፕላን እንደሚመጣ፣ ማንን ሊወስድ እንደሚመጣም የሰማ አንድ ሰው ብቻ ይቀራል።»

ወደ ላይል ዞረች።

«ላይል፣ ኤክሱን ብትተወው ኖሮ አንተን የሚጠረጥር አልነበረም።»

«ብተወው ፓይለቱ ሳያርፍ ይመለስ ነበር» አለ ላይል። «በሜዳው መዘጋት ተጣላን፤ ገፋሁት። እሱ የማይነሳ ሰው ነው? ተነስቶ የሚሰድበኝ መስሎኝ ጥዬው ሄድኩ። ጠዋት ሸራውን ጠቅልዬ ቀና ስል እዚያው ነው። በረዶ ሆኗል። ሌሊቱን እንኳ አንድ ጊዜ መጥቼ ባየው...» መጨረስ አልቻለም።

ማርቫ ካቴናውን አወጣች። «ወንድ ልጅ ወልዳለች» አለችው። «ሁለቱም ደህና ናቸው።»

ላይል ራሱን ነቀነቀና እጆቹን ዘረጋላት።

የምክር ቤቱ ትእዛዝ ሜዳው ዛሬውኑ እንዲዘጋ ነበር። ልጇ ሕፃኑን ታቅፋ ቀን ሙሉ በመኪና ተጉዛ ትመለሳለች፤ ከእንግዲህ ምጥ የሚይዛትን ሴት ምን እንደሚያደርጓት የሚያውቅ የለም። ማርቫና ኮራ ሸራውን ተሸክመው ወጡና መሐል ላይ ዘረጉት። ነፋሱ ጫፉን ሲያነሳባቸው ድንጋይ ይጭኑበት ጀመር።

ላይል ከፖሊስ መኪናው የኋላ ወንበር አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«ድንጋዩን በሰሜን በኩል አብዙት» አለ። «ሃልቨር እንደዚያ ነበር የሚያደርገው።»

እንዳላቸው አደረጉ።