ጠብቆ ወይስ ላልቶ?

አንዲት ቃል ጠብቃ ትነበብ ወይስ ላልታ በሚል ጥያቄ ብቻ ሰው ከትምህርት ቤት ይባረራል ብትባሉ ታምናላችሁ? ሚጢጢም አታምንም ነበር። አሁን ግን ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆማለች። እጇ ላይ ባለው ወረቀት ሁለት መስመር ግጥም አለ።

«ጮክ ብለሽ አንብቢ!» አሉ ዳይሬክተሩ።

የመምህሩን ወንበር ይዘው ተቀምጠዋል። የጎማ ቱቧቸው ጉልበታቸው ላይ ተጋድሟል። ቱቦውን «መካሪዬ» ይሉታል። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆመው ያረፈደውንም ያላረፈደውንም የሚመክሩት በእሱ ነው። ምክር ይሉታል እንግዲህ!

ግጥሙ የጉንጮ ነው። ጉንጮ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ከሚጢጢ አጠገብ የተቀመጠች ጓደኛዋ ናት። ትናንት የግድግዳ ጋዜጣው ላይ ለጠፈችው፤ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ዳይሬክተሩ ቀደው ወሰዱት። «ሰድባኛለች፤ ትባረራለች» አሉ። የቋንቋ መምህሩ «ግጥም ሳይተነተን አይፈረድበትም» ብለው ቢከራከሩ፣ ዳይሬክተሩ ሳቁ። «እሺ፣ ይተንተን። ያውም በራስህ ጎበዝ ተማሪ፣ እኔ ባለሁበት።»

ጎበዟ ተማሪ ሚጢጢ ሆነች። ጉድ ፈላ!

ጠዋት ጉንጮ ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ጎትታ ወስዳት ነበር። «ስለ ደወሉ ነው በያቸው፣ እሺ? በር ላይ ስለተሰቀለው ብረት።»

«የእውነት ስለ ደወሉ ነው?»

«አንቺ ደግሞ! ሰውዬውን በቱቦ ሲያሳድደን አላየሽም?» ጉንጮ ሳቀች፤ ወዲያው ግን ሳቋ ጠፋ። «ሚጡዬ፣ ከተባረርኩ ሌላ ትምህርት ቤት ማን ይቀበለኛል? ፈተናው እኮ ደርሷል። አደራሽን።»

«አታነቢም እንዴ?» ዳይሬክተሩ ቱቦውን ጨበጡ።

ከኋላ ወንበር አንዱ «ማይክ ይምጣላት» ብሎ አንሾካሾከ። ዳይሬክተሩ ዞር ሲሉ ሁሉም ደብተሩ ላይ አቀረቀረ።

ሚጢጢ የመጀመሪያውን መስመር አነበበች።

*ከደጃፋችን ላይ ሲነጋ ይጮሃል፣*

ሁለተኛውን ጀመረች።

*ያላንዳችም ጥፋት ዝም ብሎ…*

እዚህ ላይ ቆመች። የቀረችው አንዲት ቃል ናት፤ «ይመታል»። ጽሑፍ ደግ ነው፤ «ይመታል» ብሎ ይጽፍና ዝም ይላል። አፍ ግን መምረጥ አለበት። «መ» ጠብቆ ከተነበበ፣ ምስኪኑን ደወል ሰዎች ይመቱታል ማለት ነው። ከላላ ግን እሱ ራሱ ሌላውን ይመታል፤ በየጠዋቱ በር ላይ እየጮኸ ሌላውን የሚመታው ማን እንደሆነ ደግሞ ክፍሉ በሙሉ ያውቃል።

መምህሯን ተመለከተች። እሳቸው በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያሉ፤ እጃቸው ውስጥ ያለው ጠመኔ ተሰብሯል። «ስትተነትኑ ከኪሳችሁ አታውጡ፤ ከመስመሩ አውጡ» እያሉ ሲያስተምሯት የከረሙት ሰው ፈርተዋል! ይህን ማየት ከቱቦው በላይ አስፈራት።

«ይመታል» አለች፣ «መ»ን አጥብቃ። ድምፅዋ ለራሷም በደንብ አልተሰማትም።

«ምን አልሽ?»

«ሰዎች ይመቱታል ማለት ነው፣ ቲቸር። ስለ ደወል ነው።»

«ደወል የሚል ቃል የት አለ? አሳዪኝ እስቲ!»

«የለም።» ወረቀቱን ደግማ አየች። «ሰው የሚልም የለም።»

አንዱ ተማሪ «ውይ!» አለ። ጉንጮ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ዳይሬክተሩ ብድግ አሉና ወረቀቱን ከሚጢጢ እጅ ነጠቁ።

«ተንኮለኞች! እኔ አነብላችኋለሁ! እንዲህ ነው የሚነበበው!» ግጥሙን እየጮኹ አነበቡት። የመጨረሻዋ ቃል ላይ ሲደርሱ ቱቦው ጠረጴዛው ላይ ጧ አለ። «ይመታል!»

ላልቶ፤ ያውም በገዛ አፋቸው። የጠመኔ ብናኝ ከጠረጴዛው ላይ ቦነነ። የፊት ወንበር ላይ ያሉት ልጆች ሳያስቡት አንገታቸውን ቀበሩ።

«ሰማችሁ? እኔን ነው! አንቺ፣ ቦርሳሽን ይዘሽ ውጪ!» አሉ ወደ ጉንጮ እየጠቆሙ። ወደ ሚጢጢ ዞረው ደግሞ «አንቺ ተቀመጪ» አሉ።

ጉንጮ እያለቀሰች ደብተሮቿን ትሰበስብ ጀመር። ሚጢጢ አልተቀመጠችም። ፍርሃቱ አልለቀቃትም። ብትቀመጥ ማንም አይወቅሳትም። መምህሩ እንኳ አሁንም በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያሉ።

«ቲቸር፣ ጥያቄ አለኝ» አለች።

«ቢሮ መጥተሽ ትጠይቂኛለሽ።»

«አይ፣ ቢሮ አልመጣም።» ድምፅዋ ተሰነጠቀ፤ ግን ቀጠለች። «እኛ የተነተንነው እዚህ ነው፤ ጉንጮም የምትባረረው ከዚህ ነው። ግጥሙ ማንንም በስም አልጠራም፣ ቲቸር። ታዲያ እርስዎ ለምን አቤት አሉ? እዚሁ፣ ሁላችንም ፊት ይመልሱልን።»