«ተወልጄ ያደግኩበት ነው!»

ጸጉር ሠሪዋ ልጅ ከተማውን በረገጠች ማግስት መጀመሪያ የተዋወቀችው ከራሷ ጋር ነበር።

እህቷ ቤት አድራ፣ የተቀጠረችበትን የውበት ሳሎን ፍለጋ በጠዋት ወጣች። መኪናው ይጮሃል፣ ሰው ይጋፋል፣ ፎቁ ሰማዩን ጋርዶታል። ድንገት ዓይኗ የፈጠጠ፣ ቦርሳዋን እንደ ሕፃን ያቀፈች ሴት ፊት ለፊት መጣችባት። ወደ ቀኝ ልታልፍ ስትል ሴትዮዋም ተከተለቻት። ወደ ግራ ስትል ያችው!

«እንዴ! ይቅርታ እህቴ፣ አሳልፊኝ!»

ሴትዮዋ አፏን ከፈተች እንጂ ድምፅ አላወጣችም። የወንድ ሳቅ ግን ተሰማ። ከዚያ ሴትዮዋ እንዳለች ወደ ጎን ዞር አለችና ከኋላዋ አንድ ወጣት ብቅ አለ። በር የሚያህል መስታወት ተሸክሟል!

«መስታወት ይቅርታ የጠየቀ ሰው ዛሬ ገና አየሁ!»

ልጅቷ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። «ጠፍቼ ነው...» አለች። እንባዋ መጣ።

ወጣቱ መስታወት ገጣሚ ሳቁን ዋጥ አደረገ። «አይዞሽ! ይሄ ከተማ ተወልጄ ያደግኩበት ነው። የት ነው የምትሄጂው?»

መስታወቱን እንደተሸከመ አደረሳት። እርግጥ አንዱን ፋርማሲ ሁለቴ አልፈውታል።

«አቋራጭ ነው» አለ፣ ላቡን እየጠረገ።

ከዚያ ወዲያ እሁድ በመጣ ቁጥር አንድ ሰፈር ያሳያት ጀመር። ከየመስኮቱ ሙዚቃ የሚሰማበትን የሙዚቀኞች ሰፈር፣ ወፍ የሚሸጥበትን ጠባብ መንገድ፣ ማማው ላይ የቆመውን ትልቅ ሰዓት...

«ሰዓት ሠሪው ነው ያቆመው» አላት። «ሚስቱ የሞተችበት ደቂቃ ላይ። ከእሷ በኋላ ጊዜ ምን ያደርግልኛል ብሎ።»

እዚያው ቆማ አለቀሰች። ፍቅር እንደ ጉንፋን ነው፣ መቼ እንደያዛት አላወቀችም።

እህቷ ግን ነቃችባት። «ማነው? ጥርሱን ላሳየሽ ሁሉ ልብሽን አትስጪ! ምሳ ጥሪውና እንየው።»

ልጁ መጣ። የእህቷ ባል ባለታክሲ ነው፣ የከተማውን ጉድጓድ ሁሉ በጎማው ያውቃል። ልጅቷ ልትኮራበት ብላ የሰዓቱን ታሪክ ራሷ ተረከችው። ባለታክሲው ማንኪያውን አስቀመጠና ሳቁን ለቀቀው።

«ባትሪው አልቆ እኮ ነው! የሚቀይርለት ጠፍቶ! ለመሆኑ አንተ የትኛው ሰፈር ነው ያደግከው?»

ልጁ ላቡን ጠረገ።

«እኔ... ጋሼ... እሷን ባገኘኋት ሳምንት ነው ከገጠር የመጣሁት።»

ልጅቷ ክው አለች። የያዘችው ብርጭቆ አምልጧት ተከሰከሰ።

«ያ ሁሉ... ውሸት ነው?»

«ስሚኝ እስቲ...»

«ውጣልኝ!»

አንገቱን ደፍቶ ወጣ። «ወንድ ልጅ አላውቅም ከሚል ገደል ቢገባ ይመርጣል» አለ ባለታክሲው፣ ሊያስቃት ፈልጎ። ማን ሊስቅለት! እዚህ አገር ያመነችው አንድ ሰው እሱ ነበር፤ እሱ ውሸት ከሆነ ከተማው ምኗ ነው? ወደ እናቷ ልትመለስ ቆርጣ ሻንጣዋን አሰረች።

ከመሄዷ በፊት ቅዳሜ ዕለት እልህ ያዛት። ሊያሳያት ቃል የገባውን የወንዝ ዳር ሰፈር ብቻዋን አይታ ልትሄድ ወጣች። ሰፈሩ መግቢያ ላይ አበባ የሚሸጡ እናት ተቀምጠዋል።

«እማማ፣ ወደ ወንዙ በየት በኩል ነው?»

«ዛሬ ምን ጉድ ነው!» አሉ አሮጊቷ። «አንዱም ልጅ አሁን ይሄንኑ ጠይቆኝ ሄደ። እሁድ ለአንዲት ልጅ የሚያሳያትን ሰፈር ቅዳሜ በእግሩ እየዞረ ያጠናል አሉ።»

ልጅቷ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። «ነገም... ትመጣለች አለዎት?»

«ጠየቅኩት እንጂ! ተጣልታኛለች፣ አትመጣም አለኝ። ታዲያ ምን ያለፋሃል ስለው... ብትመጣስ? አለኝ።»

በድንጋጤ አፏን ያዘች። ከዚያ ሮጠች።

መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ኮቴ ሲሰማ ሳይዞር ጠየቀ።

«ይቅርታ፣ ወደ ወንዙ በየት በኩል ነው?»

«በግራ» አለች፣ ቅንጣት ሳታመነታ።

ዞረ። አሁን መስታወት ተሸክሞ ቢሆን ኖሮ ለቆት ይከሰከስ ነበር!

«አንቺ...! መንገዱን ታውቂዋለሽ?»

«ተወልጄ ያደግኩበት ነው!»

መጀመሪያ ሳቋ መጣ፣ ከዚያ እንባዋ። እሱም አብሯት አለቀሰ።

«አላውቅም ብልሽ ጥለሽኝ የምትሄጂ መሰለኝ...»

«ብትለኝ ኖሮ አብረን እንጠፋ ነበር፣ አንተ ሞኝ! ሁለተኛ እንዳትዋሸኝ።»

«አልዋሽሽም። እውነቱን ልንገርሽ? እወድሻለሁ።»

እጁን ያዘችና ወደ ግራ ሄዱ። ወንዙን አላገኙትም።

ሲመሽ እጅ ለእጅ ተያይዘው ቤት ሲደርሱ እህቷ በር ላይ ቆማ ጮኸችባቸው። «ልቤን አጠፋችሁት! የት ነበራችሁ?»

ሁለቱ ተያዩ።

«አናውቅም!» አሉ በአንድ ድምፅ።

ባለታክሲው በሳቅ ፈረሰ። እህቷ የተያያዘ እጃቸውን አየች። ወደ ውስጥ ገባችና ሻንጣውን ትፈታ ጀመር።