መሳለሚያው ላይ ያረፈው ጥቁር ድንጋይ

የአገሩ ሹም ባሻ ወልደአረጋይ ከጎረቤላ ተጠርተው ሲደርሱ ሬሳው ከገደሉ ሥር ወጥቶ መንገድ ዳር በነጠላ ተሸፍኗል። ከአጠገቡ የአልዩ አምባው የጨው ነጋዴ ዓወል የፊጥኝ ታስሮ ተቀምጧል። የሟች ሁለት ወንድሞች ጦራቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ፣ ዳኛ ቢፈርድም ባይፈርድም፣ ዓወልን ሊወጉት ምለዋል።

ባሻ ገና ከበቅሏቸው ሳይወርዱ ደማቸው ፈልቷል። ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ ከዞረ ወዲህ በዚህ መንገድ ጦር የያዘ ሁሉ ራሱን ዳኛ አድርጎ ሾሟል።

ሟቹ ዘርአ ዳዊት ለኅዳር ሚካኤል ከመርሐ ቤቴ ወደ አንኮበር የሚጓዝ ተሳላሚ ነው። ከጀማ ወንዝ ያነሣውን ጥቁር ድንጋይ በጀርባው አዝሎ፣ ቤተ ክርስቲያኑ መጀመሪያ ከሚታይበት ከመሳለሚያው ሳይደርስ መሬት ላያስነካው ተስሏል። ሲያድር እንኳ ዛፍ ላይ ይሰቅለው ነበር።

«ማን አየ?» አሉ ባሻ።

«እኔ» አለ የሟች የመንገድ ጓደኛ ገብረ ሕይወት። «እዚህ ጠመዝማዛ ላይ የዚህ ሰውዬ አህዮች መንገድ ዘጉብን። ተሰዳደቡ፤ ገፈተረው። እኔ ወንድሞቹ ወዳሉበት፣ ወደ ኋላ እየጮህሁ ሮጥሁ።»

«ወደ መሳለሚያውስ አልወጣህም?»

«እግሬም አልረገጠው።»

ባሻ ወደ ዓወል ዞሩ። «አንተስ?»

«ወላሂ ጌታዬ፣ ስደርስ ገደሉ ሥር ወድቆ ነው ያገኘሁት። ነፍሱ ካለች ብዬ ቀና ሳደርገው ደሙ ነካኝ። ካሰሩኝ ጀምሮ ምን አየህ ብሎ የጠየቀኝ የለም።»

ባሻ ጎንበስ ብለው ነጠላውን ገለጡ። ሟቹ ማጅራቱን ተመትቷል። ድንጋዩን ያዘለበት ጠፍር አሁንም ደረቱ ላይ ነው፤ ቋጠሮው አልተፈታም፤ ጎኑ ላይ ግን በቢላዋ ተቆርጧል። ድንጋዩ የለም። ከገደሉ ሥር አስፈለጉ፤ አልተገኘም።

የሟች ሚስት አስካለማርያም ከሴቶቹ ጋር ጎህ ሲቀድ ቀድማ አልፋ ነበር፤ መርዶውን ሰምታ ነው የተመለሰችው።

«መሳለሚያው ላይ ስትሰግዱ ጥቁር ድንጋይ ነበር?» አሏት።

«ነጫጭ ብቻ ነው የነበረው፣ ጌታዬ።»

ባሻ ሁሉንም ይዘው ወደ መሳለሚያው ወጡ። ጉሙ ተገፏል፤ የሚካኤል ጣሪያ ከማዶ ይታያል። ተሳላሚ ሁሉ ድንጋዩን ከሚያኖርበት ክምር ላይ፣ ከነጫጮቹ መሃል፣ የጀማው ጥቁር ድንጋይ ተቀምጧል። አስካለማርያም ስታየው ወገቧን ያዘች።

«አሁን ስሙኝ» አሉ ባሻ። «ዘርአ ዳዊት ራሱ ቢያኖረው ቋጠሮውን ይፈታ ነበር እንጂ የገዛ ጠፍሩን አይቆርጥም። ከሬሳው ላይ ቆርጦ ያመጣው ሌላ ሰው ነው። ዓወል ስለቱን ከየት ያውቃል? ቢያውቅስ፣ ገዳይ ሰው ሽሽቱን ትቶ ይህን አዝሎ ዳገት ይወጣል? ሴቶቹ ቀድመው አልፈዋል፤ ወንድሞቹ አብረው ከኋላ ነበሩ። ይህን ያመጣው ሰውየውን ሲገድል ያልፈራ፣ ስለቱን ማስቀረት ግን የፈራ ሰው ነው።»

ወደ ገብረ ሕይወት ዞሩ። «አንሣና ገደል ክተተው። ድንጋይ ነው፣ ምን ቸገረህ?»

ገብረ ሕይወት ጎንበስ አለ። እጁ ድንጋዩ ላይ ደርሶ ቀረ።

«ስለት ነው» አለ። «ነፍሱ ተንጠልጥላ እንዳትቀር ብዬ ነው።»

«ነፍሱን ማን አወጣት?» ብለው ጮኹ ባሻ።

«ጀማ ዳር ሁለታችን ሰው ገድለናል። ዛሬ ሚካኤል ደጅ ቆሜ በሕዝብ ፊት እናገራለሁ አለኝ። ተው ብዬ ለመንሁት፤ እምቢ አለኝ።»

ታላቅየው ወንድም ጦሩን አነሣ።

«አውርድ» አሉት ባሻ። «ጧት አንድ ቃል ሳትጠይቅ ሰው ልትወጋ የነበርህ አንተ ነህ። ይህን ችሎት አቀርበዋለሁ። አንተ የዚያን ሰው እጅ ፍታ፣ በገዛ እጅህ።»

ፈታው። ዓወል ማንንም ሳያይ ወደ አህዮቹ ሄደ።

አስካለማርያም ገብረ ሕይወት ፊት ቆመች። «የገደላችሁት ሰው ስሙ ማን ነበር?»

«ገብረአብ።»

ጥቁሩን ድንጋይ ከክምሩ ላይ አንሥታ በነጠላዋ አዘለችና፣ ስሙን ባሏ ሊናገር ካሰበበት ደጅ ልትናገር ወደ ሚካኤል ወረደች።