በቀለም የታወረው የፊት መብራት

እስቲ እንጠያየቅ፤ የመኪና የፊት መብራት የተሠራው ለምንድን ነው? "ይሄ ደግሞ ይጠየቃል?" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እኔም የማይጠየቅ ይመስለኝ ነበር። ግን በየሰፈሩ ስንቱ መብራቱን ፈትቶ፣ ሆዱን ጥቁር ቀለም ቀብቶ፣ "አቤት ሲያምር!" እንደሚል ሳይ መጠየቁ ተገቢ ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ የሁለት ወንድማማቾችን ነገር ልንገራችሁ። ሲያወሩት ያማል፤ ቢሆንም ይወራ።

ታናሽየው የመኪና ቀለም ቀቢ ነው። ጋራዡ ውስጥ "እጀ ወርቅ" ይሉታል። ተጋጭታ የተጨራመተች መኪና እሱ እጅ ገብታ ስትወጣ የት ጋ እንደተመታች ባለቤቷ እንኳ መለየት ይቸግረዋል። ቀለም በመዓዛው የሚያውቅ ሰው ነው ማለት ይቻላል። ሙያውን የሚጠራጠር አልነበረም፤ እሱም ራሱን ተጠራጥሮ አያውቅም። ጣጣው የመጣውም ከዚሁ ነው።

ታላቅየው ሾፌር ነው። በገዛ መኪናው ጎህ ሳይቀድ ከዳቦ ቤት ዳቦ እየጫነ ለየሱቁ ያደርሳል። አባታቸው ሲሞት እጀ ወርቅ ገና የወተት ጥርሱን ያልጨረሰ ሕፃን ነበርና አብልቶ፣ አልብሶ፣ ቀጥቶ ያሳደገው ይኸው ወንድሙ ነው። "ወንድም ጋሼ" ይለዋል፤ አባት ማለቱ ነው። ወንድም ጋሼ በሃያ ስድስት ዓመት የሾፌርነት ዘመኑ ድመት እንኳ ገጭቶ አያውቅም።

አንድ እሁድ እጀ ወርቅ ለወንድሙ ስጦታ ሊያደርግ ካቻቢቴውንና የቀለም ጣሳውን ይዞ መጣ። የመኪናዋን ሁለት የፊት መብራቶች ፈታና ይዟቸው በቀጥታ ወደ ማድ ቤት ገባ።

"ምን ልታደርግ ነው?" አለች የወንድሙ ሚስት።

"ምድጃሽን ለአፍታ አውሺኝ እትዬ። ማጣበቂያው በሙቀት ካልላላ መስታወቱ አይነሳም።"

"በኬክ መጋገሪያዬ? መብራት ልትጋግር? ወይ ጉድ! ወንድምህ ነገ ዳቦው ላይ ቀለም ቀለም ሸተተኝ ቢለኝ አንተን ነው የምልክለት!"

ተሳሳቁ። መብራቱ ሞቀ፣ ማጣበቂያው ላላ፣ የፊቱ መስታወት ተነሳ። እጀ ወርቅ ዙሪያውን ያለውን ፍሬም በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ ጥቁር ቀባው። አማረ። ግን መሃል ላይ አምፖሉን ያቀፈው የሚያብረቀርቅ ሳህን ዓይኑን ኮረኮረው። ጥቁር መሃል ነጭ ሆኖ ሥራው ያላለቀ መሰለው። ትንሽ አሰበና፣ "ብርሃን የሚሰጠው አምፖሉ ነው፤ ሳህኑ ጌጥ ነው" ብሎ ሳህኑንም ጥቁር አለበሰው። ሲደርቅ መስታወቱን በሲሊኮን መልሶ ለጠፈው። ወንድም ጋሼ መጥቶ ሲያይ መኪናው ፊት ቆሞ እንደ ልጅ ሳቀ። "አሮጊቷን ሙሽራ አደረግሃታ!" ብሎ ግንባሩን ሳመው።

በማግስቱ እጀ ወርቅ መኪናዋን ጋራዥ ወስዶ ሲያሳያቸው ሁሉም አጨበጨበ። የጋራዡ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ብቻ ጎንበስ ብሎ አየና ፊቱን አጨፈገገ። "ሽቦ" ነው የሚሉት፣ ቅጥነቱንም ሙያውንም አይተው።

"ሳህኑንም ቀባኸው?"

"ታዲያስ! ጠልተኸው ነው?"

"አንተ ሰው፣ አምፖል ብቻውን ሻማ ነው። ብርሃኑን ሰብስቦ መንገድ ላይ የሚጥለው እኮ ያ የሚያብረቀርቀው ሳህን ነው። ጥቁር ከቀባኸው ብርሃኑን ራሱ ይውጠዋል። ስማኝ፣ ዛሬውኑ ፍቀው!"

"አንተ ስለ ሽቦህ አውራ፣ ቀለሙን ለኔ ተው። ቅናት ነው ይሄ!" አለ እጀ ወርቅ። ጋራዡ በሳቅ ፈነዳ። ሽቦም እጁን አራግፎ ወደ ሥራው ሄደ። በዚያው ሳምንት ጎረቤቱም፣ የጎረቤቱ ጓደኛም "ለኔም፣ ለኔም" አሉ። ወር ሳይሞላ የሌላ አሥራ አንድ መኪና መብራት ቀባ።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ወንድም ጋሼ ለብቻው ጠራው።

"እኔ ምልህ፣ መንገዱ ጨለም እያለብኝ ነው። መብራቱ ይሆን?"

አያችሁ፣ እዚች ጋ ነው ነገሩ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለገው፤ "እስቲ ልየው" ማለት። እጀ ወርቅ ግን የሽቦ ንግግር ትዝ ቢለውም እልህ ያዘውና በሳቅ አለፈው።

"መብራቱማ አዲስ ነው! ሃምሳን አለፍክ እኮ ወንድም ጋሼ፤ ዓይንህን ተመርመር!"

ወንድም ጋሼ አብሮ ሳቀ። በልቡ ግን ያች ነገር ገባችበት። ያሳደገው ልጅ፣ እጁ ወርቅ የሆነ ልጅ፣ ይሳሳታል ብሎ እንዴት ይጠርጥር? ራሱን ጠረጠረ። ሐኪም ዘንድ እንዳይሄድ "ታውረሃል" ቢባል እንጀራው መቅረቱ ነው። ለሚስቱ እንኳ አልነገራትም። ከመንገድ ዳር መነጽር ገዝቶ በጎህ ሲነዳ ብቻ ያደርጋል፤ ደርሶ ሲመለስ ኪሱ ይደብቃል። ካሮት ለዓይን ይጠቅማል ሲሉ ሰምቶ በየቀኑ ጥሬ ካሮት ያኝክ ጀመር። ሚስቱ ኮቱን ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ ግማሽ ካሮት አግኝታ፣ "ይሄ ሰውዬ በስተርጅና ጥንቸል ሆነብኝ" ብላ ለጎረቤት ስቃ አወራች።

ሌላም ነገር ነበር። ዳቦ ቤቱ አካባቢ አንዲት መንገድ ጠራጊ አለች። ለዓመታት፣ ወንድም ጋሼ ከሩቅ መብራቱን ብልጭ ያደርግላታል፤ እሷም መጥረጊያዋን ከፍ አድርጋ ሰላም ትለዋለች። ስም አይተዋወቁም። ከዚያች እሁድ ወዲህ ግን ብልጭ ቢያደርግላት ዝም ትለው ጀመር። "ምን አስቀይሜያት ይሆን?" እያለ ይብሰለሰል ነበር። የሱ ብልጭታ እሷ ዘንድ እንደማይደርስ በምን ይወቅ?

አንድ ማለዳ ዝናብ ሲያካፋ፣ ጉም መንገዱን ሸፍኖት፣ ያችው ሴት አስፋልቱ ዳር ጎንበስ ብላ ቅጠል እየሰበሰበች ሳለ ወንድም ጋሼ ገጫት። ፍሬን የያዘው ከመታት በኋላ ነው። ወርዶ አቀፋት፤ ዳቦውን ከነሳጥኑ አስፋልት ላይ ደፍቶ እሷን ጭኖ ሐኪም ቤት አደረሳት። ረፋዱ ላይ ሞተች።

እጀ ወርቅ ፖሊስ ጣቢያ ሲደርስ ወንድሙ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል፤ ሸሚዙ ደም ነክቶታል። መርማሪው ሲጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው የሚመልሰው።

"ዓይኔ ነው፣ ጌታዬ። ማየት ካቃተኝ ቆይቷል። ደብቄ ነው ስነዳ የኖርኩት። ጥፋቱ የኔ ነው።"

መንጃ ፈቃዱን ራሱ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

ወደ ማታ፣ የወንድሙን ጃኬት ከመኪናዋ እንዲያወጣ ተፈቀደለት። መኪናዋ የጣቢያው አጥር ጥግ ከግንቡ ፊት ለፊት ቆማለች። አንደኛው መብራቷ ተሰብሯል፣ ሌላው ደህና ነው። ምን እንደገፋፋው እንጃ፣ ሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠና መብራቱን አበራ። ግንቡ ላይ የወደቀው ብርሃን አንድ ሰሐን የማይሞላ የደከመ ቢጫ ነበር። ወርዶ እጁን መብራቱ ፊት ዘረጋ። መዳፉ ይታያል፤ ከመዳፉ ወዲያ ምንም የለም። መስታወቱም ውስጡ ላብ አቅርሯል፤ ሲሊኮኑ በቅጡ አልያዘም ነበርና ውሃ ገብቶበታል። እጀ ወርቅ ግንቡን ተደገፈ። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለ።

እውነቱን ያን ዕለት ቢናገር ኖሮ ታሪኩን እዚህ ጋ ባሳጠርኩት። አልተናገረም። ፈራ። "ብናገርስ ትነሳለች?" እያለ ራሱን አባበለ። እህል አልበላ አለው፤ ጋራዥም ገብቶ ሽቦን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። እንዲህ እያለ አራት ቀን አለፈ። ወንድሙ በዋስ ተፈቶ ቤቱ ገብቶ ነበር።

በአምስተኛው ቀን ሊጠይቀው ሄደ። የወንድሙ ሚስት በር ላይ አገኘችውና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ፣ "ገብተህ እየው፤ እኔስ አንጀቴ አልቻለም" አለችው። ዓይኗ አብጧል።

ወንድም ጋሼ ዓይኑን ጨፍኖ ክፍሉ ውስጥ ይሄዳል። አንድ እጁን ግድግዳው ላይ እያስነካ፣ እርምጃውን ይቆጥራል። "ከአልጋው እስከ በሩ ሰባት። ከበሩ እስከ ወንበሩ አራት።" ወንበሩን በእግሩ መታውና፣ "አምስት ነው" ብሎ አረመ።

"ምን እየሆንክ ነው ወንድም ጋሼ?"

"መጣህ? አይ፣ ሳይጨልምብኝ ብለማመድ ብዬ ነው። እትዬህን ማስቸገር አልፈልግም። ሰው ገድዬ ደግሞ ሸክም ልሁን?"

እጀ ወርቅ ይሄን ሲሰማ አልቻለም። ወንድሙ እግር ላይ ወደቀ።

"ዓይንህ ደህና ነው! ዓይንህ ምንም አልሆነ! እኔ ነኝ። መብራቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሳህኑን ጥቁር ቀባሁት፤ ሽቦ ፍቀው አለኝ፣ እምቢ አልኩ። አንተም ስትነግረኝ ሳቅሁብህ። እኔን አፈር ያድርገኝ ወንድም ጋሼ!"

ወንድም ጋሼ ዓይኑን ገለጠ። እጀ ወርቅ ጥፊ ጠበቀ፣ እርግማን ጠበቀ።

"ጨለመብኝ ስልህ እኮ ዓይንህን ተመርመር አልከኝ" አለ በመጨረሻ። "እኔም አመንኩህ። አንተን ከምጠረጥር ዓይኔን ጠረጠርኩ።" ቁጭ አለ። "እኔም ብሆን ጨለመብኝ ካልኩ መኪናዋን ማቆም ነበረብኝ። ያ የኔ ነው፤ ለማንም አልሰጠውም። ያንተን ደግሞ አንተ ተሸከም። ተነስ። የሟች ልጅ አለች፤ ሄደህ ለሷ ንገራት። ከዚያ ለፖሊስ።"

አብረው ሄዱ። ልጅቱ የምትኖረው አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ነው፤ በልብስ ሰፊነት የምትሠራ ወጣት ናት። ሁለቱን ወንድማማቾች ስታይ ቤት ያፈራውን ወንበር አቀረበች። እጀ ወርቅ አልተቀመጠም። ቆሞ ሁሉንም ነገራት፤ ቀለሙን፣ ምድጃውን፣ ሳቁን፣ ዝም ያለበትን አራት ቀን።

ልጅቱ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ ተነስታ ከግድግዳው ሚስማር ላይ ከሐኪም ቤት የተመለሰላትን የእናቷን የሥራ ሰደርያ አወረደች፤ ያ መብራት ሲያርፍበት የሚያበራ መስመር ያለውን።

"ይሄን በየሳምንቱ የማጥበው እኔ ነኝ" አለች። "መስመሩ እንዳይደበዝዝ በእጄ ነበር የማጥበው፤ መኪና ከሩቅ እንዲያያት። ባለፈው ሳምንት ሥራ በዝቶብኝ አላጠብኩትም። እናቴን የገደልኳት እኔ መስሎኝ ነበር። አምስት ቀን ሙሉ አልተኛሁም፤ ምነው ባጠብኩት፣ ምነው ባጠብኩት ስል…"

ሰደርያውን ፊቷ ላይ አድርጋ ጮኻ አለቀሰች። ወንድም ጋሼም አለቀሰ። ልጅቱ እጀ ወርቅን ይቅር አላለችውም፤ እንድትልም የሚጠይቃት አልነበረም። ሊወጡ ሲሉ ግን፣ "ሌሎችም መኪኖች ቀብቻለሁ ብለሃል። እናት ያላቸው ሌሎችም አሉ። ሂድና ፍቀው" አለችው።

ለፖሊስ ቃሉን ሰጠ፤ ሕጉም በሁለቱም ላይ የራሱን ፍርድ ፈረደ። እኔ የምነግራችሁ ከዚያ ወዲያ ያደረገውን ነው። ከሽቦ ጋር ሆኖ የቀባቸውን መኪኖች አንድ በአንድ ሲያስስ ከረመ። ቀለም የገባበት ሳህን ተፍቆም እንደ ድሮው አያበራምና መብራቱን እንዳለ ይቀይሩታል። አንዳንዱ አመሰገነው። አንዳንዱ፣ "አበላሽተህ ልትሄድ ነው? እንዲያ አምሮብኝ!" ብሎ አፈጠጠበት። ያኔ እጀ ወርቅ አይከራከርም። መኪናውን ከግንብ ፊት ያስቆምና "አብራው" ይላል፤ ቀጥሎም ስለዚያች ሴት ይነግረዋል። ካወራላቸው በኋላ እምቢ ያለ የለም።

አሥሩ ተገኙ። አሥራ አንደኛዋ ተሸጣለች፤ የገዛትም ሰው ለሌላ ሸጧታል። እጀ ወርቅ እስከ ዛሬ መንገድ ዳር ቆሞ የሚያልፉ መኪኖችን ፊት ፊታቸውን ያያል።

ወገኖቼ፣ የፊት መብራት ጌጣችን አይደለም። ጎንበስ ብሎ ለሚሠራው፣ ልጅ አዝሎ ለሚሻገረው፣ ከኛ ፊት ላለው ሰው ሁሉ ያለብን አደራ ነው። የማናውቀውን ዕቃ በግምት አንንካ፤ የሚያውቅ ሰው ሲነግረንም በሳቅ አንለፈው። የመብራቷ ሆድ የጠቆረ መኪና ከሰው ገዝታችሁ ከሆነም፣ ዛሬ ሲመሽ ከግንብ ፊት አቁማችሁ አብሩት። አሥራ አንደኛዋ እስካሁን አልተገኘችም።