ካፒቴኗን የገፋት ነፋስ

ልጅቷ የተገኘችው ሳሎን ውስጥ፣ ሶፋው ላይ በጎኗ እንደተኛች ነው። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ቀኝ እጇ ስልኩን አልለቀቀም። ስልኩ ላይ አንዲት ቀይ ጀልባ ነፋስ በሌለው ባሕር መካከል ቆማ ትወዛወዛለች፤ ከሥሯም «ካፒቴን፣ ንፊ!» የሚል ጽሑፍ ብልጭ ድርግም ይላል።

መርማሪዋ ይህን ያየችው በፎቶግራፍ ነው። ጉዳዩ እጇ ሲገባ ልጅቷ ከተቀበረች ሁለት ቀን አልፏል።

«አስም ያለባት ልጅ ናት» አላት አለቃዋ፣ ፋይሉን ጠረጴዛው ላይ እየገፋላት። «ጭንቅ ሲይዛት የምትስበው መድኃኒት አጠገቧ አልነበረም። የተገኘው የእንጀራ እናቷ ቦርሳ ውስጥ ነው። አክስትየዋ ገድላታለች ብላ አመልክታለች። እንጀራ እናትየዋ ደግሞ ብትጠየቅ፣ ብትጠየቅ አፏን አልከፈተችም። ነገ ከሰዓት ዐቃቤ ሕግ ዘንድ አቀርባታለሁ።»

«እስከ ነገ ከሰዓት እኔ ምን ልሥራ?»

«ያው የለመድሽውን። ውጊ።»

ባልደረቦቿ «መርፌ» ነው የሚሏት። ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ የገባችበትን ሳትወጋ ስለማትወጣ ነው። ስሙን አትወደውም፤ ግን ስትጠራበት አቤት ትላለች።

መጀመሪያ ያደረገችው የማስረጃ ፖስታውን መክፈት ነበር። ከቦርሳው የተወሰደው ሰማያዊ መድኃኒት ከነካርቶኑ ነው። ካርቶኑን አገላበጠችው። ማሸጊያው አልተቀደደም። ለሦስት ቀን እዚያው ጣቢያ ሲቀመጥ አንድም ሰው ልብ ብሎ አላየውም። ሁሉም «የእንጀራ እናት» የሚለውን ቃል ሲሰማ ምርመራውን ጨርሶ ነበር።

ከዚያ ወደ ክሊኒኩ ሄደች። ሐኪሙ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ግድግዳቸው ላይ ልጆች የሣሏቸው ጀልባዎች ተለጥፈዋል።

«ድሮ ንፉ ስንላቸው ያለቅሱ ነበር» አሏት፣ ስልክ ላይ የሚሰካ አጭር የፕላስቲክ ቱቦ እያሳዩዋት። «አሁን ተዉ ብንላቸው እንቢ ይላሉ። ልጁ በዚህች ሲነፋ ጀልባው ይሄዳል። በደንብ ከነፋ ደሴት ላይ ይደርሳል። የትንፋሹ ጉልበት ቁጥር ሆኖ በየሳምንቱ ለኔ ይመጣል። ሰባ ልጆች አሉኝ። ብዙዎቹ ትምህርት ቤት ሳይቀሩ ዓመቱን ጨርሰዋል፤ ሲሮጡ ብታዪያቸው የታመሙ አይመስሉም።»

«የሷስ ቁጥር?»

ሐኪሙ ኮምፒውተሩን አዞሩላት። መስመሩ ከሁለት ወር በፊት ጀምሮ ሽቅብ ይወጣል። የመጨረሻው ነጥብ፣ የሞተችበት ሳምንት፣ ከሁሉም ይበልጣል።

«እንዲህ ደህና የሆነች ልጅ እንዴት ትሞታለች?»

«እኔም ራሴን የምጠይቀው እሱን ነው።» መነጽራቸውን አውልቀው በጋውናቸው ጫፍ ወለወሉት። «ቁጥሯ ስለጨመረ በየቀኑ የምትወስደውን መከላከያ መድኃኒት በግማሽ ቀነስኩት። ደንቡ ነው።»

«ከቤት ማንም ምንም አላለም?»

 መነጽሩ ከጸዳ ቆይቷል፤ እሳቸው ግን መወልወላቸውን አላቆሙም።

«እንጀራ እናቷ ደውላልኝ ነበር። ‹ደረቷ ያፏጫል› አለችኝ። ቁጥሩን አየሁና አይዞሽ፣ ልጅቷ ጎበዝ ናት አልኳት።»

ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሩን የከፈተችው አክስትየዋ ናት፤ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳለች።

«ግቢ፣ ግቢ እህቴ። ያቺ እዚያ ውስጥ ናት። እንባ እንኳ አይወጣትም እኮ! ያልወለደ አንጀት!»

እንጀራ እናትየው በልጅቷ አልጋ ጫፍ ተቀምጣ ልብስ ታጥፋለች። የውበት ሳሎን አላት፤ ጣቶቿን የጸጉር ቀለም አጥቁሯቸዋል። ልጅቷ «እትዬ» ነበር የምትላት። አንዲት ቢጫ ሹራብ ስታጥፍ፣ ስትፈታ፣ መልሳ ስታጥፍ መርማሪዋ በሩ ላይ ቆማ አየቻት። ሥራ ሥራ ነውና ገባች።

«ቦርሳሽ ውስጥ የነበረው አዲስ ነው። ያልተከፈተ። ለምን አልተናገርሽም?»

«ማን ይሰማኛል?»

«እኔ እየሰማሁሽ ነው።»

«የቤቱ ሊያልቅ ነው ብዬ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ገዛሁት። ማታ ይዤላት ልገባ።» ሹራቡን እንደገና ፈታችው። «ጭራሽ ማለቁን አላወቅኩም።»

መርማሪዋ ሳሎን ተመልሳ የሶፋውን መቀመጫ በሙሉ ነቀለችው። ፖሊሶቹ ትራሱን ብቻ አንስተው ሄደዋል። ከእንጨቱና ከስፖንጁ መካከል የድሮው ሰማያዊ መድኃኒት ተወሽቋል። ስንት ጊዜ መሳብ እንደቀረ የሚያሳየው ጀርባው ላይ ያለው ቁጥር ዜሮ ይላል። ይዛው ወደ እንጀራ እናትየው ተመለሰች።

«ይህኛው መቼ ነበር የተገዛው?»

«ሦስት ሳምንት ቢሆነው ነው።»

ሁለት መቶ ጊዜ የሚሳብ መድኃኒት ነው። ደህና ልጅ ዓመቱን ሙሉ አትጨርሰውም። እንግዲህ ወይ የሐኪሙ ቁጥር ዋሽቷል፣ ወይ የልጅቷ ደረት። ደረት ደግሞ መዋሸት አያውቅም።

«ከልጅቷ ሌላ በቱቦዋ የሚነፋ ሰው ነበር?»

የሴትዮዋ እጅ ሹራቡ ላይ ቆመ።

«የለም» አለች፣ ወዲያው። ቶሎ የመጣ መልስ ነው፤ መርማሪዋ በልቧ ያዘችው።

አባትየው ቤት አልነበረም። የእግር ኳስ ዳኛ ነው፤ በሠፈሩም የሚታወቀው «ዳኛው» ተብሎ ነው። ጥፋት አያሳልፍም። «እሱ የገዛ እናቱንም በቀይ ካርድ ያስወጣል» እያሉ ይቀልዱበታል። መርማሪዋ ያገኘችው ከልምምድ ሜዳው ዳር፣ የሲሚንቶ ደረጃ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ነው። ወጣቶች ይጫወታሉ። እሱ ግን ዓይኑ ይከፈት እንጂ የሚያይ አይመስልም።

«ባለቤትዎ ናት ያደረገችው ብለው ያምናሉ?»

«እህቴ ትላለች። እኔ እንጃ። ስምንት ዓመት አብረን ኖረናል። ግን መድኃኒቱ ቦርሳዋ ውስጥ ተገኘ። ስጠይቃትም ዝም። ሥራዬ ያየሁትን ማመን ነው።»

«ያላዩትንስ?»

ሊመልስ አፉን ሲከፍት አንዱ ተጫዋች ኳሷን በእጁ መታት። የዳኛው እጅ ሳያዘው ተነሣና አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን ፊሽካ አፉ ውስጥ ከተተ። ድምፁ ሜዳውን ሰነጠቀው፤ መጨረሻውም በመቀስ እንደተቆረጠ ቀጥ አለ። ልጆቹ ሁሉ ደርቀው ቀሩ። እሱ ራሱም ደነገጠና ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ በመዳፉ ሸፈነው።

«ይቅርታ» አለ። «ልማድ ነው።»

«እንዴት ነው እንደዚያ የሚቆረጠው?»

«በምላስ ነው። ቀዳዳውን በምላስ መዝጋት ነው። ሃያ ዓመት ነፍቻለሁ።»

«ቅዳሜና እሑድ የት ይሆናሉ?»

«ሌላ ከተማ። ጨዋታ አለ።»

መርማሪዋ ሌላ ነገር አልጠየቀችም። የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ ገና ከደረጃው ሳትወርድ ልቧ ከብዷት ነበር።

የመጨረሻው ሰው ጨዋታውን የሠራው ወጣት ነው። ቢሮው በሽቦና በባዶ የውኃ ጠርሙስ ተሞልቷል። ዓይኑ አብጧል።

«ለሐኪሙ የምትልከው የትኛውን ትንፋሽ ነው?»

«የሳምንቱን ምርጥ።»

«ሌሎቹስ?»

«ደካማውን አናሳይም። ልጆቹ ተስፋ እንዳይቆርጡ ብዬ ነው። ግን ተቀምጦ አለ፤ አልጠፋም።»

«አምጣው።»

ወጣቱ ከፈተው። መርማሪዋ ወደ ኮምፒውተሩ ማያ ተጠጋች። እያንዳንዱ ቀን ላይ ትንንሽ ጉብታዎች አሉ፤ ሳምንት በሳምንት እያነሱ፣ እየደከሙ የሚሄዱ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ግን በየቀኑ ከጉብታዎቹ መካከል አንድ ተራራ ብድግ ይላል፤ ጫፉ ላይም በመቀስ እንደተቆረጠ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ቅዳሜና እሑድ ተራራ የለም።

ወጣቱ ወንበሩ ላይ ሟሸሸ። «ይሄን አንድ ቀን ከፍቼ ባየው ኖሮ» አለ። «አንድ ቀን ብቻ!»

በማግሥቱ ረፋዱ ላይ ሁሉም ያ ሳሎን ውስጥ ተሰበሰቡ። ሶፋው ላይ የተቀመጠ የለም። ዳኛው በመስኮቱ በኩል ቆሟል፤ አክስትየዋ ክንዱን ይዛለች። ሐኪሙና ወጣቱ በሩ አጠገብ ናቸው። እንጀራ እናትየው ግድግዳውን ተደግፋለች፤ ማንም አጠገቧ አልቆመም።

«ቶሎ በይና ይዘሻት ሂጂ» አለች አክስትየዋ።

«እሄዳለሁ። መጀመሪያ ግን ይህን እዩ።» መርማሪዋ ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ከቦርሳዋ የተገኘው ይህ ነው። ማሸጊያው አልተነካም። የልጅቷ መድኃኒት ይህኛው ነው፤ ሶፋው ውስጥ ተወሽቆ ነበር። ባዶ ነው። ማንም አልደበቀባትም፤ በሦስት ሳምንት ሁለት መቶ ጊዜ ስባ ጨርሳዋለች።»

«ሁለት መቶ?» አለ ዳኛው።

«ታማ ነበር። በጣም ታማ ነበር። ባለቤትዎ ደረቷ ሲያፏጭ ሰምታ ለሐኪሙ ደውላለች።»

ሐኪሙ አንገታቸውን ደፉ። «ደውላልኛለች። ከሰው ይልቅ ቁጥር አመንኩ።»

«ቁጥሩ ልጅቷ ድናለች ይል ነበር። መድኃኒቷም በዚያ ምክንያት ተቀነሰ። እንግዲህ የቀረው አንድ ጥያቄ ነው» አለች መርማሪዋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ቁጥሩን ማን ሠራው? ከትንፋሾቹ መካከል አንዱ የልጅ አይደለም። የትልቅ ሰው ነው። በየቀኑ...»

«እኔ ነኝ!»

ሁሉም ዞረ። እንጀራ እናትየው ከግድግዳው ተላቃ መካከል ላይ ቆማለች።

«እኔ ነኝ የነፋሁት። ጻፊው። ውሰጂኝ፣ እንሂድ።»

«አላልኳችሁም?» ብላ ጮኸች አክስትየዋ።

 መርማሪዋ የልጅቷን ስልክ ከነቱቦው ለእንጀራ እናትየው አቀበለቻት። «ንፊ።»

ሴትዮዋ ነፋች። ፊቷ እስኪቀላ ነፋች። ቀይዋ ጀልባ ትንሽ ፈቀቅ ብላ ቆመች። ደግማ ነፋች። ጀልባዋ ያው ናት። ሦስተኛ ልትሞክር ስትል መርማሪዋ እጇን ያዘቻት።

«ይበቃሻል እህቴ።» ወጣቱን በዓይኗ ጠቀሰችው፤ ወጣቱም ተራራዎቹን በኮምፒውተሩ ገለጠ። «ከሰኞ እስከ ዓርብ አለ። ቅዳሜና እሑድ የለም። መጨረሻውም በምላስ የተቆረጠ ነው።»

ከዚህ ወዲያ ማስረዳት አላስፈለገም። ዳኛው ማያውን አየ። ቀኖቹን አንድ በአንድ በጣቱ ቆጠረ፤ ቅዳሜ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። ክንዱን ከእህቱ እጅ አላቀቀና ስልኩን ወሰደ።

«አትንፋ!» አለች ሚስቱ። «እባክህ፣ በሞትኩት!»

ነፋ። ጀልባዋ ባሕሩን ሰንጥቃ ከነፈች፤ ደሴቱ ጋ ደረሰች። ስልኩ የደስታ ሙዚቃ ለቀቀ። «እንኳን ደስ አለሽ ካፒቴን!» ይላል ጽሑፉ። ወጣቱ ሙዚቃውን ሊያጠፋ ተንደርድሮ መጣ፤ ቶሎ ግን አልሆነለትም።

«በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው» አለ ዳኛው፤ ለማን እንደሚናገር አይታወቅም። «‹አባዬ፣ ነፋሱ አለቀብኝ። አንዴ ንፋልኝ፣ የሌሎቹ ጀልባ ጥሎኝ ሄደ› ትለኛለች። ትስቃለች። ስትስቅ ለማየት ብዬ... ጨዋታ ነው ብዬ። እኔ! ጨዋታ ነው ብዬ!»

አክስትየዋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ሦስት ቀን ሙሉ ስትቀስረው የነበረውን ጣቷን በሌላ እጇ ጨብጣ ያዘችው።

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አለች መርማሪዋ ለእንጀራ እናትየው።

«በቀብሩ ዕለት። ሐኪሙ ‹ቁጥሯ ጎበዝ ነበር› ሲሉ። አባትና ልጅ በር ዘግተው ሲሣሣቁ ከወጥ ቤት እሰማቸው ነበር። እኔም ደስ ይለኝ ነበር።»

«ትታሰሪ ነበር እኮ።»

«ከእስር ቤት ሰው ይወጣል» አለች። «ከዚህኛው አይወጣም።»

 ይህች ሴት ስሟን፣ ነፃነቷን ሰጥታ የሸፈነችውን ነገር፣ መርማሪዋ መጥታ በሁለት ቀን ገለጠችው። እውነቱ መውጣት ነበረበት፤ ሌሎች ስልሳ ዘጠኝ ልጆች አሉ። ቢሆንም «መርፌ» የሚለውን ስሟን እንደዚያን ቀን የጠላችበት ጊዜ የለም።

ዳኛው ፊሽካውን ከአንገቱ አወለቀና በሚስቱ መዳፍ ላይ አኖረው።

«አየሽ አይደል ጥፋቱ የማን እንደሆነ? ፍረጂብኝ። ሰው ፊት ስትሰደቢ ዝም ብዬሻለሁ። ፍረጂ!»

እሷ ፊሽካውን አየችው። ከዚያ ጨበጠችውና በሌላው እጇ ጭንቅላቱን ወደ ትከሻዋ ሳበችው።

«ዳኝነቱን ዛሬ ተወው» አለችው። «አንተ አባቷ ነህ። አልቅስ።»

መርማሪዋ ሌሎቹን በምልክት አስወጥታ በሩን ከኋላዋ ዘጋችው። ደብተሯ ላይ «ገዳይ» ብላ ጽፋ ባዶ የተወችው መስመር ነበር፤ ሰረዘችው። አንድ ፎቅ እንደወረዱ ከላይ የዳኛው ለቅሶ ተሰማ። ሁሉም ደረጃው ላይ ቆሙ፤ እስኪያበቃ ጠበቁ። ረጅም ነበር፤ እንደ ፊሽካው አልተቆረጠም።